መጽሔት የሚያቋቁም ሰው የማን ባለዕዳ ነው?

ሰው እንጀራውን ከሚያገኝበት ሥራ ሌላ ልቡ የሚያዘነብልበት ሥራ ያለው ፍጡር ነው። አንዱ ቀኑን በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ደብዳቤ ሲመዘግብ ይውልና ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ግጥም ይጽፋል፤ ሌላው ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ሲደምር ሲቀንስ ይውልና ሌሊት ሥዕል ይሥላል። ይህ ሁለትነት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የብዙ ሰዎች ኑሮ ጣዕም የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ አንድ ቀን ይነሡና፥ «ልቤ የሚወደውን ሥራ እንጀራዬ ላድርገው» ይላሉ። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ከምናውቃቸው ወጣቶች መካከል ይህን አሳብ ያሰቡት ጥቂቶች አይደሉም፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሚመኙት የራሳቸውን መጽሔት ማቋቋም ነው። ምክር ሲጠይቁንም ሁልጊዜ የሚያስቀድሙት፥ «ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ከርሱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ ብለን እናምናለን። ይኸውም፥ መጽሔት የሚያቋቁም ሰው የማን ባለዕዳ ይሆናል? የሚለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስሙን እንመልከት። መጽሔት የሚለው ቃል የግእዝ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም መስተዋት ማለት ነው። አውሮጳውያን ግን ይህንኑ ነገር «ማጋዚን» ይሉታል፤ ቃሉን የወሰዱት ከዐረብኛ ሲሆን ትርጓሜው የዕቃ ማከማቻ ማለት ነው። እኛም እህልና ሸቀጥ የሚከማችበትን ቤት መጋዘን የምንለው ከዚያው ሥር በበቀለ ቃል ነው። እንግዲህ አንድ ነገር በእነርሱ ቋንቋ ጎተራ፥ በእኛ ቋንቋ መስተዋት ሆኖ ተሰየመ ማለት ነው። ጎተራ የባለቤቱ ነው፤ የፈለገውን ያስገባበታል፥ ሲፈልግም ይቈልፈዋል። መስተዋት ግን የገዛው ሰው አንድ ቢሆንም ቅሉ በውስጡ የሚታየው የብዙ ሰው ፊት ነው። መስተዋቱ የቈሸሸ እንደ ሆነ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ለጥያቄያችን መልስ ለመፈለግ ይህን ልዩነት በልባችን ይዘን እንሂድ።

«ማጋዚን» የሚለውን ስም ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ በመጀመሪያ የሰጠው ኤድዋርድ ኬቭ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1731 ዓ.ም. በሎንዶን «ዘ ጀንትልማንስ ማጋዚን» የተባለውን መጽሔት አቋቋመ። (ከዚህ በኋላ ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ኬቭ የጫማ ሰፊ ልጅ ነበረ፤ ከመኳንንት ወገን አልነበረም። እኛን የበለጠ የሚያስገርመን ግን የፖስታ ቤት ሠራተኛ መሆኑ ነው። ከየአውራጃው የሚመጡት ጋዜጦች በእጁ ስለሚያልፉ ወሬያቸውን እያወጣ ለሎንዶን ጋዜጠኛ ይሸጥ እንደ ነበር ታሪኩን የጻፈው ሳሙኤል ጆንሰን ይናገራል። መጽሔቱም ከመሥራቹ ዕድሜ አልፎ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ፤ ያ ታላቅ ጸሐፊ ጆንሰን ራሱ በወጣትነቱ ሎንዶን በመጣ ጊዜ እንጀራውን ያገኘው በዚሁ መጽሔት በመጻፍ ነበር። እንግዲህ የኬቭ ታሪክ ለመንግሥት ሠራተኛ ተስፋም ተግሣጽም አለው። ተስፋው፥ ዝቅተኛ ጸሐፊ የነበረ ሰው ለዘመናት የሚተርፍ ሥራ ሊጀምር መቻሉ ነው። ተግሣጹ ደግሞ፥ የመሥሪያ ቤት በር ለግል ጥቅም የሚከፈትበት መንገድ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ማሳየቱ ነው። የመንግሥትን ወረቀት፥ የመንግሥትን ሰዓትና በሥራ ምክንያት ያወቀውን ነገር ለግል መጽሔቱ የሚያውል ሰው መጽሔቱ ገና ሳይታተም በዕዳ ተዘፍቋል፤ ያበደረው ሕዝብ ግን ማበደሩን እንኳ አያውቅም።

አሁን ወጣቶቻችን «ነጻ መጽሔት» ወደሚሉት እንለፍ። ነጻ ማለት ከዕዳ ሁሉ የራቀ ማለት ከሆነ ነጻ መጽሔት በዓለም ላይ አልነበረም፥ የለምም። የኅትመት ሥራ ጠባይ ራሱ ይህን አይፈቅድም። ከሁሉ ይልቅ ውድ የሆነው የመጀመሪያው ቅጂ ነው፤ ጽሑፉ ታርሞ፥ ገጹ ተቀናብሮ፥ ማተሚያው ተዘጋጅቶ የመጀመሪያው ንጹሕ ቅጠል እስኪወጣ ድረስ የሚፈሰው ገንዘብና ድካም፥ የሚታተመው መቶ ቢሆን ወይም አምስት ሺህ ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ ብዙ ባሳተሙ ቍጥር የአንዱ ቅጂ ዋጋ እየረከሰ ይሄዳል። አዲስ አሳታሚ ይህን ሲሰማ ብዙ ለማሳተም ይጓጓል፤ ነገር ግን ሳይሸጥ የቀረውን አከፋፋዩ ይመልስለታል፥ ወሩ ያለፈበት መጽሔትም እንደ ከረመ ዳቦ ፈላጊ የለውም። ከዚህም በላይ ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን አስቀድሞ ሲሻ አከፋፋዩ የሚከፍለው ከሸጠ በኋላ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ የሚሸከም ገንዘብ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት፤ ወይ ከመሥራቹ ቍጠባ፥ ወይ ከማስታወቂያ ሰጪ ነጋዴ፥ ወይ ከረጂ፥ ወይ አስቀድሞ የዓመት ዋጋ ከሚከፍል አንባቢ። ስለዚህ ነጻነት ማለት ባለዕዳ አለመሆን ሳይሆን፥ ለማን ባለዕዳ እንደምንሆን ዐውቀን መምረጥና የመረጥነውንም አለመሸሸግ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ይህ አባባል ባዶ ፍልስፍና እንዳይመስል ሁለት ምሳሌዎችን እናቅርብ። የመጀመሪያው ከጎረቤት ነው። በ1961 ዓ.ም. ራጃት ኔኦጊ የተባለ ትውልዱ ከህንድ የሆነ የኡጋንዳ ተወላጅ ገና በ22 ዓመቱ በካምፓላ ከተማ «ትራንዚሽን» የተባለ መጽሔት አቋቋመ። የምሥራቅና የምዕራብ አፍሪካ ጸሐፊዎች ማንንም ሳይፈሩ የሚከራከሩበት መጽሔት ስለ ሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስሙ ገነነ። የገንዘብ ርዳታ ከሚሰጡት አንዱ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በፓሪስ የነበረ «የባህል ነጻነት ጉባኤ» የተባለ ማኅበር ነበረ። በ1967 ዓ.ም. ግን የዚህ ማኅበር ገንዘብ በስውር ይመጣ የነበረው ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት መሆኑ ለዓለም ተገለጠ። ኔኦጊ ይህን እንደማያውቅ ተናገረ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያገሩ መንግሥት በመጽሔቱ ላይ በወጣ ጽሑፍ ምክንያት አሰረው። ከተፈታ በኋላ አገሩን ትቶ ሄደ፤ መጽሔቱም በጋና ዋና ከተማ በአክራ መታተም ጀመረ፥ ኋላም ወሌ ሶይንካ አዘጋጀው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንጠይቃለን። ኔኦጊ ሁለት ጊዜ ተመታ፤ አንድ ጊዜ በሥልጣን፥ አንድ ጊዜ በገንዘብ። በሥልጣን ሲመታ ስሙ አልጐደፈም፤ እንዲያውም ከበረ። በገንዘብ ሲመታ ግን ያሳተማቸው ጽሑፎች አንድም ቃል ሳይለወጥባቸው የአንባቢው ዓይን ተለወጠባቸው። ትናንት በቅን ልቡና ያነበበውን ሰው ዛሬ «ይህን ያስጻፈው ማን ይሆን?» ብሎ እንዲጠራጠር አደረገው። ጽሑፉ እውነት ሆኖ ሳለ የአንባቢው እምነት ተሰረቀ ማለት ነው። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ይህን ይመስለናል፤ ወርቁ ሐሰተኛ ስለ ሆነ ሳይሆን ባለቤቱ የመጣ ቀን አንገት ባዶ ስለሚቀር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው። ሃሪየት ሞንሮ የተባለች ባለቅኔ በ1912 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ «ፖኤትሪ» የተባለ የግጥም መጽሔት ስታቋቁም ዕድሜዋ ከሃምሳ ዓመት ዐልፎ ነበር። ግጥም ብቻ የሚያወጣ መጽሔት በሽያጭ እንደማይኖር ዐውቃ፥ በከተማው ወዳሉት ባለጸጎች ቢሮ በእግሯ እየሄደች፥ እያንዳንዱ ሰው በየዓመቱ 50 ዶላር ለአምስት ዓመት እንዲሰጥ ለመነች፤ ከመቶ የማያንሱ ሰዎችም ቃል ገቡላት። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ነው ትልቁ፤ የእነዚህን ሰዎች ስም «ዋሶች» ብላ በመጽሔቱ ላይ አሳተመችው። ማንም አንባቢ ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ ሊያይ ቻለ፤ አንድ ሰጪም ቢቆጣና ቢቀር ሌሎቹ ስለሚኖሩ መጽሔቱ በአንድ ሰው ቍጣ አይወድቅም ነበር። ያ መጽሔት ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ይታተማል። ሞንሮም እንደ ኔኦጊ የሰው ገንዘብ ተቀብላለች፤ ልዩነቱ የእርሷ አበዳሪ ስሙ በአደባባይ የተጻፈ መሆኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ከመጻሕፍት የተገኘ ነው። አሁን ግን ከራሳችን ኑሮ አንድ ነገር እንናገራለን፤ ብንሸሽገው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ መብት አይኖረንምና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት የሥራ ጓደኛሞች ከደመወዛችን ቈጥበን አንድ ወርኃዊ መጽሔት አቋቋምን። ከዘመድና ከወዳጅ፥ ከአስተማሪዎችና ከማናውቃቸውም ሰዎች፥ ከ64 ሰዎች የዓመት ዋጋ አስቀድመን ተቀበልን። ዐሥራ ሁለት ቍጥር ልንሰጣቸው ቃል ገብተን ነበር። አራት ቍጥር አወጣን። በአምስተኛው ላይ የወረቀት ዋጋ ተወደደ፥ አከፋፋዩም የሰበሰበውን ሳይከፍለን ቆየ፤ እኛም ዝም አልን። «አቁመናል» ብለን እንኳ አልጻፍንም። በልባችን፥ «የደከምነው ለአገር ነው፥ ሰውም ይህን ያውቅልናል» እያልን እንጽናና ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ አስተማሪ ከክፍለ ሀገር ለጉዳይ መጥተው ኖሮ መሥሪያ ቤታችን ድረስ አፈላልገው አገኙን። ተነሥተን ወንበር ሰጠናቸው። ገና ሳይናገሩ ገንዘባቸውን ሊጠይቁ የመጡ መስሎን፥ «ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልን፥ እንከፍልዎታለን» አልናቸው። እርሳቸው ግን፥ «ገንዘቡን አይደለም ልጆቼ፤ አምስተኛው ወጥቶ እኔ ጋ ሳይደርስ ቀርቶ እንደ ሆነ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ዓመቱ ሲሞላ በአንድ ጥራዝ ላስጠርዘው አራቱን አስቀምጫቸዋለሁ» አሉን። ያን ቀን የተሰማንን እፍረት በቃላት ለመግለጽ አንችልም። እኛ ድካማችንን ስንቈጥር እርሳቸው ቍጥሮቹን ይቈጥሩ ነበር።

በአገራችን የዕቁብ ልማድ እንደሚታወቀው በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣለት ሰው የሁሉን ገንዘብ ይዞ ይሄዳል፤ ታማኝነቱ የሚታየው ግን በዚያ ቀን አይደለም፤ በቀሩት ሳምንታት ነው። ስለዚህም ዕቁብተኛው ዋስ ሳያስጠራው ገንዘቡን አያስረክበውም። የዓመት ዋጋ አስቀድሞ የሚቀበል መጽሔት መሥራች ዕጣው በመጀመሪያ የወጣለት ሰው ነው። ዋስ የጠየቀው ዳኛ ግን የለም፤ አንባቢው የሰጠው ስሙን አምኖ ነው። እንግዲህ በመካከሉ ዝም ያለ እንደ ሆነ የአንባቢውን ብር ብቻ አይደለም የሚያስቀረው፤ ከርሱ በኋላ የሚመጣው ወጣት ያንኑ በር ሲያንኳኳ፥ «የተበላ ዕቁብ ነው» ተብሎ እንዲመለስ ያደርገዋል። ይህ ከሁሉ የከፋ ዕዳ ነው፤ ባለዕዳው አንዱ ሲሆን ከፋዩ ሌላ ነውና።

እኛም ስማቸውን በደብተር ጽፈን ከደመወዛችን እየቀነስን ለእያንዳንዱ የስምንቱን ቍጥር ዋጋ መመለስ ጀመርን። ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ዘጠኙን ፈልገን አላገኘናቸውም፤ ስማቸው እስከ ዛሬ ድረስ በደብተሩ ውስጥ አለ። ሽማግሌው አስተማሪ ግን ገንዘቡን አልቀበልም አሉ፤ «እኔ የከፈልሁት ላነብ ነው እንጂ ተመልሶ እንዲመጣልኝ አይደለም» ብለው ላኩብን። እንግዲህ ለእርሳቸው በብር የማይከፈል ዕዳ አለብን ማለት ነው።

አንዳንድ አንባብያን በዚህ ጊዜ እንዲህ ሊሉን ይችላሉ፤ «እንዲህ ዕዳውን ሁሉ እየቈጠረ የሚፈራ ሰው ምንም አይጀምርም፤ ድፍረት ባይኖር ኖሮ አንድም መጽሔት በዓለም አይገኝም ነበር»። ይህ ተቃውሞ ኃይል ያለው ነው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ከወጣ በኋላ በአገራችን ብዙ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ተቋቁመዋል፤ አንዳንዶቹ በገንዘብ እጦት፥ አንዳንዶቹም በክስና በእስራት ምክንያት ቀርተዋል፤ አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ሁሉም አስቀድመው ቢፈሩ ኖሮ ከእነርሱ ያገኘነውን ባላገኘን ነበር። ነገር ግን እኛ የምንመክረው ፍርሀትን ሳይሆን ልክን ማወቅን ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አንድሪያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ በአዲስ አበባ ያዘጋጀው ጋዜጣ በመጀመሪያ የሚወጣው በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ነበር፤ «አእምሮ» የሚለውን ስም ያወጡለት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ሃያ አራት ቅጂ! ዛሬ ይህን ያህል ብቻ አሳትሞ ለመጀመር የማያፍር ወጣት ብናገኝ ከሚያልቅበት ገንዘብ ይልቅ የሚያልቅበት ጊዜ ይረዝም ነበር። ትንሽ ሆኖ መጀመር ድፍረትን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በሌላ ሰው ገንዘብ የመድፈርን አመል ነው።

ሌሎች ደግሞ፥ «ሰው ሁሉ በስልኩ በሚያነብበት ዘመን ወረቀት ለምን አስፈለገ?» ይሉናል። ወረቀት ቅዱስ ነው አንልም። ይሁን እንጂ አንድ ጠባይ አለው፤ የታተመው አይፋቅም። በስልክ ላይ የተሳሳተውን ሰው ማንም ሳያየው አጥፍቶ ሊያስተካክል ይችላል፤ በወረቀት የተሳሳተ ግን በሚቀጥለው ቍጥር «ተሳስተናል» ብሎ በፊርማው ከመጻፍ በቀር መንገድ የለውም። ለአንባቢ ባለዕዳ መሆንን ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ጥብቅ መምህር አናውቅም።

አቁሞ መሄድም ቢሆን ሥርዓት አለው። ከላይ ያነሣነው ሳሙኤል ጆንሰን በ1750 ዓ.ም. «ዘ ራምብለር» የተባለ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚወጣ ጽሑፍ ጀምሮ ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉንም ራሱ እየጻፈ እስከ 208ኛው ቍጥር አደረሰው። ሲወጣም ገዢው ብዙ አልነበረም። በመጨረሻው ቍጥር ግን አንባቢዎቹን ተሰናብቶ፥ የሠራውንና ያልሠራውን ተናግሮ አቆመ። መድከም ኀጢአት አይደለም፤ ገንዘብ ማለቁም ኀጢአት አይደለም። ሳይሰናበቱ መጥፋት ግን እንግዳ ጠርቶ በር ዘግቶ እንደ መተኛት ይቈጠራል።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ያስተዛዝባል። ይህ አሁን በእጃችሁ ያለው መጽሔት የሚታተመው በመንግሥት በጀት ነው፤ እኛም የምንጽፍበት ወር ሲሞላ ደመወዛችንን የምንቀበል ሰዎች ነን። ስለዚህ «ነጻ ነን» ብለን አንመጻደቅም፤ ሽፋኑ የማን እንደ ሆነ ይናገራል፥ አንባቢም ያንን ዐውቆ ያነባል። ሽፋኑ እውነቱን እስከ ተናገረ ድረስ የመንግሥትም ቢሆን የግል መጽሔት በአንባቢው ፊት በቀና ሊቆም ይችላል ብለን እናስባለን። የማይቻለው አንዱን ስም ለጥፎ ከሌላው ኪስ መኖር ነው።

ስለዚህ መጽሔት ለማቋቋም የምታስቡ ወጣቶች ሆይ! «ያዋጣል ወይ?» ከማለታችሁ በፊት ባዶ ደብተር አውጥታችሁ የምትበደሯቸውን ሰዎች ስም ጻፉ፤ ማተሚያ ቤቱን፥ ረጂውን፥ ማስታወቂያ ሰጪውን፥ ጽሑፋቸውን ያለ ክፍያ የሚሰጧችሁን ወዳጆች፥ ከምሽቱ ላይ ጊዜውን የምትወስዱበትን ቤተሰብ። ከሁሉ በላይ የአንባቢውን ስም ጻፉ። ያንን ስም ለማንም ለማሳየት የማታፍሩ ከሆነ ጀምሩ፤ ብትወድቁም የምትወድቁት በንጹሕ መሬት ላይ ነው። የምትደብቁት ስም አንድ እንኳ ካለ ግን ጥቂት ቆዩ።

እኛም ያን አሮጌ ደብተር አልቀደድነውም። ዘጠኙን ሰዎች መፈለጋችንን እንቀጥላለን፤ አቅማችን የፈቀደ ቀንም አምስተኛውን ቍጥር፥ በ24 ቅጂም ቢሆን፥ አሳትመን የመጀመሪያውን ለሽማግሌው አስተማሪ ለማድረስ አሳብ አለን። እግዚአብሔር ዕድሜውን ለእርሳቸውም ለእኛም ይስጠን።